ለእኔስ ተያዡ ማነው?

ታኅሣሥ ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ የእናቴ ግቢ ውስጥ ተንበርክኬ ሳሩን በጣቴ ስቆፍር ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ አየችኝና «ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። «45 ሺህ ብር» ልላት ነበር፤ ዝም አልኩ።

ጣቴ ብዙም ሳይገባ ነው ጠንካራ ነገር የነካው። ማንኪያ አምጥቼ ቆፈርኩ። የብሎኬት ስባሪ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ሞከርኩ፤ የደረቀ ሲሚንቶ። ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ የሴራሚክ ቁራጭና የዛገ ሚስማር። ቤቱ ሲሠራ የተረፈው ፍርስራሽ አንድም ሳይነሳ እዚያው ነበር፤ ከላዩ ሁለት ጣት የማይሞላ ቀይ አፈር ለብሶ፣ ከአፈሩ በላይ ደግሞ ሰርዶ።

ሐምሌ ላይ ሲተከል እኮ ያምር ነበር። ክረምት ነዋ! አዲስ አበባ በክረምት ድንጋይ ላይም ሳር ታበቅላለች። ጥቅምት ሲገባ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀመረ፣ ኅዳር ላይ ጭድ መሰለ። ብናጠጣው ብናጠጣው ወይ ፍንክች። ሥሩ የሚሄድበት የለውማ።

ሥራውን የሠራው ሰው በቴሌግራም ያገኘሁት ነው። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ሳር የተከለ ሁሉ «ላንድስኬፐር» ሆኗል፤ ይሄኛውም የድርጅቱ ስም የታተመበት ቲሸርት ለብሶ መጣ፣ ሜትር ዘረጋ፣ 80 ካሬ ነው አለ፣ ከዚህ በፊት የሠራቸውን ግቢዎች ፎቶ አሳየኝ። ግማሹን ቅድሚያ ከፈልኩ፣ ግማሹን ሳሩ አረንጓዴ ሆኖ ሳየው። በኅዳር ስደውልለት መጀመሪያ «ውኃ አንሶት ነው» አለኝ። ቀጥሎ «ሳሩ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ» አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ለእኔ ብቻ መሥራት አቆመ። (በእናቴ ስልክ ይጠራ ነበር።)

በሙያዬ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ ትምህርቴም ኢንጂነሪንግ ነው። ስለዚህ ያናደደኝ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። የተታለልኩበትን መንገድ በደንብ አውቀዋለሁ። ከላይ የሚያምር፣ ፈተናውን የሚያልፍ፣ ደንበኛው አይቶ «ጎበዝ!» የሚለው፣ ከሥሩ ግን ማንም ያልጠረገው ፍርስራሽ ያለበት ሥራ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሠርቼ አውቃለሁ። ቀነ ገደብ ሲደርስ ፍርስራሹ ላይ አፈር አልብሼ አስረክቤ፣ ዝናቡ ሲያቆም እኔ ሌላ መሥሪያ ቤት ነበርኩ።

አንዳንድ ሥራ እንዲህ ነው፤ የምትከፍልበት ቀንና እውነቱ የሚታወቅበት ቀን ይለያያሉ። ዳቦ ብትገዛ ዛሬውኑ ታውቃለህ። ሳር ግን በሐምሌ ተከፍሎበት በኅዳር ነው የሚናገረው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች በጻፈው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ ምን እንደሚሆን አሳይቷል። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፣ በዚያ ዋጋ መሥራት የማያዋጣው ጥሩው ሰው ከገበያው ይወጣል፣ መጥፎው ይቀራል። በኋላ ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ኖቤል ያሸለመው ሐሳብ ነው። እናቴ ግን ያንኑ ነገር «ድሮም ርካሽ አልነበረም፣ ውድም አልነበረም፤ እሱ ነው ያሳሰበኝ» ብላ ጨረሰችው።

እናቴ ወደ ሰሚት ከመምጣቷ በፊት የኖርነው ጉለሌ ነው። እዚያ ቧንቧ ሠሪ ሲያስፈልግ «ታማኝ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላስታውስም። የቧንቧ ሠሪው እናት ከእናቴ ጋር አንድ እድር ናቸው። ቢያጭበረብር እናቱ ለቅሶ ላይ ከማን ጎን ትቀመጣለች? እዚያ ያለው መተማመን የሰዎቹ ጨዋነት ብቻ ነበር ብዬ አላምንም። ጉለሌ ሰው ማጭበርበር የሚያስከፍለው ነገር ብዙ ነበር። ሰሚት ግን ጎረቤቶቻችንን የምናውቃቸው በመኪናቸው ቀለም ነው።

ከዚያች እሑድ በኋላ ብስጭት የያዘው ኢንጂነር የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ማንበብ ጀመርኩ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ከፍቼ ስለ ቀብድ የሚለውን ፈለግኩ። ከቁጥር 1883 ጀምሮ ሦስት አጫጭር አንቀጾች ናቸው። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህን ሳነብ ከልቤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የሚያምር ሥርዓት ነው። ገንዘቡ መሀል ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ሰው ይመለከታል። እኛ ዛሬ «አድቫንስ» የምንለው ነገር ግን፣ ቢያንስ እኔ በገጠመኝ መልኩ፣ የሚያስረው ሰጪውን ብቻ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ግን ደስታዬ በነነ። የእኔ ሰውዬ እኮ ውሉን አልተወም፤ ፈጸመ። ሳር ትከል ተባለ፣ ሳር ተከለ። ቀብድ ከሚጠፋ ሰው ያድናል እንጂ ከሚያስመስል ሰው አያድንም።

ስለዚህ ወደ ዋስ አለፍኩ። ዋስትና ከቁጥር 1920 ይጀምራል። አንድ ነገሩ ገረመኝ፤ ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ሕጉ እምነት ጣሪያ ይኑረው ነው የሚለው። እኛ በተለምዶ «ተያዥ» የምንለው ሰው ግን ጣሪያ የለውም፤ ስሙን ነው የሚያስይዘው። የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር ተያዥ እንላለን፣ ዘበኛ ስንቀጥር ተያዥ እንላለን። ሁለተኛውን አትክልተኛ ስቀጥርም የመጀመሪያው ቃሌ ይኸው ሆነ።

ይህን ሰው ያገኘችው እናቴ ናት፤ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥላት ሴትዮ ጠቁማት። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ዝምተኛ፣ የሳር መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚይዝ ሰው። ጋሼ ነው የምለው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራው። አፈሩን በእግሩ ተረከዝ አንዴ ደቃው። «ይሄ እኮ ግቢ ሳይሆን ጣራ ነው» አለ።

መታወቂያውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። «ተያዥ አለህ?» አልኩት። ጋሼ ብዬ ጠርቼው ሲያበቃ ወዲያው «አለህ» ማለቴን ያስተዋልኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

«የሚያውቀኝ ሰው አገር ቤት ነው ያለው። እዚህ የሚያውቀኝ የቆረጥኩት ሳር ነው» አለኝ። ትንሽ አሰበና «መቀሱንና ዶማውን ማታ ማታ እዚሁ ላሳድር። ያለ እነሱ የትም አልሄድም» ብሎ ጨመረ።

ተስማማን። ፍርስራሹን ቆፍሮ ማውጣት፣ አፈሩን ከፍግ ጋር አደባልቆ መሙላት፣ ሰርዶውን መትከል፤ የእጅ ዋጋ ብቻ 28 ሺህ ብር። በሦስት ዙር የሚከፈል፤ 8 ሺህ ቁፋሮው ሲያልቅ፣ 10 ሺህ ተከላው ሲያልቅ፣ የቀረው 10 ሺህ ደግሞ ሳሩ መያዙ ከታየ ከአንድ ወር በኋላ። በቢሮ እንደምንሠራው ነው ያወጣሁት። 12 ነጥብ ያለው ዝርዝር አተምኩ። አንደኛው «የአፈር ጥልቀት ከ20 ሳንቲ ሜትር የማያንስ፣ በአምስት ቦታ በማስመሪያ ተለክቶ» ይላል። በሩ ላይ ደግሞ ካሜራ ሰቀልኩ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ከአንድ ልጅ ጋር ሆኖ ጀመረ። ሦስት አይሱዙ ፍርስራሽ ወጣ። አንድ ሲኖ ትራክ ቀይ አፈር ገባ። እኔ ማታ ማታ ቀረጻውን ወደኋላ እያሳለፍኩ አያለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ጥላ ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። ለእናቴ አሳየኋት፤ በደንብ አየችና «ይሄ ምሳ ሰዓት ነው፤ ሳህኑ አጠገቡ አለ፤ ሳህኑ የኔ ነው» አለችኝ። የካሜራውን ሰዓት አላስተካከልኩትም ነበር።

እናቴ በየቀኑ ቁርስና ምሳ ትሰጣቸዋለች፤ ቡና ሲፈላ ትጠራቸዋለች። ስንት ልጅ እንዳለው፣ የታላቋ ልጁ የማትሪክ ውጤት፣ ወንድሙ መቼ እንደሞተ ሁሉ ታውቃለች። እኔ የማውቀው የመታወቂያ ቁጥሩን ነው። አንድ ማታ በዚህ ተጣላን። «ሰው እንዲህ አይታመንም» አለችኝ። «ታዲያ እንዴት ነው የሚታመነው? የበፊተኛውንም እኮ ቡና አጠጥተሽዋል» አልኳት። ዝም አለች፤ እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ። (በነገራችን ላይ የእሷ እምነት በእኔ ደሞዝ የሚከፈልበት መሆኑን ሳልጠቅስላት አልቀረሁም። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ግን ሐሰት አይደለም። ሌላው ሰው ኪሳራውን ሲሸከም ደግ መሆን ይቀላል።)

በሙያችን ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አጭር ንግግር አለው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሰው አንድ ቀን ሳይደርስበት አይቀርም። የኮድ መተርጎሚያ ፕሮግራሙ ራሱ ከተበከለ፣ ኮዱን መስመር በመስመር ብታነብ ምንም ሳታይ የኋላ በር ሊከፈትብህ እንደሚችል ያሳየበት ነው። መልእክቱ፣ ሙሉ በሙሉ ራስህ ያልሠራኸውን ኮድ ማመን አትችልም ነው። ይህ ኮድ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። አፈሩን በማስመሪያ ለካሁ እሺ፤ የመጣበትን ቦታ ማን አየ? ፍጉስ የበሰለ ነው ወይስ ጥሬ? ማስመሪያውስ? የሆነ ቦታ ላይ መለካት አቁመህ ሰው ማመን አለብህ። ጥያቄው የት ላይ እንደምታቆም ነው።

የትዕግሥት ማጭበርበርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዜድ በተባለው ሶፍትዌር ላይ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ማንነቱ እስከ ዛሬ በውል ያልታወቀ ሰው ሁለት ዓመት ገደማ በነፃ ጥሩ ሥራ ሲሠራ ቆይቶ፣ ከታመነ በኋላ የኋላ በር ከተተበት። የተደረሰበትም አንድ መሐንዲስ ኮምፒውተሩ በግማሽ ሰከንድ መዘግየቱ ስለከነከነው ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያነበበ ሰው ካሜራ ቢሰቅል አይፈረድበትም።

ግን አኔት ቤየር የተባለች የኒውዚላንድ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1986 የጻፈችው ጽሑፍ ይህን ክርክሬን አበላሸብኝ። ሰው ላይ መደገፍና ሰውን ማመን አንድ አይደሉም ትላለች። ምሳሌዋ ካንት ነው፤ ጎረቤቶቹ ሰዓታቸውን የሚሞሉት በእሱ የእግር ጉዞ ነበር ይባላል። አንድ ቀን እንቅልፍ ቢጥለው ጎረቤቶቹ ሰዓታቸው ይዛባል፣ ይበሳጩ ይሆናል፤ ግን «ከዳን» ሊሉ አይችሉም። በእሱ ተደገፉ እንጂ አላመኑትም። ክህደት የሚኖረው እምነት ባለበት ብቻ ነው።

እንግዲህ በሬ ላይ ካሜራ ሰቅዬ፣ ማስመሪያ ይዤ፣ መቀሱን አስይዤ፣ ጋሼን ምን አደረግኩት? የካንት ሰዓት። ቢያጭበረብረኝ «ከዳኝ» የማለት መብት አልነበረኝም፤ ያላመንኩትን ሰው እንዴት ይከዳኛል? ከሁሉም የባሰው ደግሞ ጥሩ ሰው መሆኑን ማወቅ አለመቻሌ ነው። በካሜራ ሥር የተቆፈረ 20 ሳንቲ ሜትር የሚነግረኝ ካሜራው መሥራቱን ነው። ያለ ካሜራም 20 ይቆፍር እንደነበር ላውቅ የምችልበትን አንድ መንገድ በገዛ እጄ ዘጋሁት።

ቋንቋችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ያውቃል። «አመነ» ስንል ሰው ላይ ልቡን ጣለ ማለት ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ግን «ተከሳሹ አመነ» ሲባል ጥፋቱን ተቀበለ ማለት ነው። እኔም በዚህ በሁለተኛው መንገድ የማምነው ነገር አለኝ።

ሳሩ ያዘ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ግቢው የሌላ ሰው ግቢ መሰለ። አንድ ቦታ ብቻ፣ ቧንቧው አጠገብ ያለችው ጥግ፣ ሁለት ካሬ የምትሆን፣ ቢጫ ሆነች። ጋሼ መጥቶ አያት፣ አፈሩን ዘግኖ አሸተተ፣ ነቅሎ እንደገና ተከላት። ደግማ ደረቀች። የመጨረሻው ክፍያ ቀን ሲደርስ ዝርዝሬን አወጣሁ። ነጥብ 11፤ «ሳሩ በሁሉም ቦታ መያዙ»። ከ10 ሺው 3 ሺህ ቀነስኩ።

«ከአፈሩ አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ከምንድነው?»

ትከሻውን ነቀነቀ። 7 ሺውን ተቀበለ፣ መቀሱን በጨርቁ ጠቀለለ፣ እናቴን «እትዬ፣ ደህና ይሁኑ» ብሎ ሄደ። እናቴ ማታውን አላናገረችኝም።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነጭ ስኒከሬን በበረኪና ዘፍዝፌ ሳጥብ ነበር። እሑድ እሑድ አጥበዋለሁ፤ ልማዴ ነው። እንደጨረስኩ ሳፋውን አነሳሁና እንደ ሁልጊዜው ቧንቧው አጠገብ ያለችው ጥግ ላይ ደፋሁት። ሳፋው ገና ከእጄ ሳይወርድ ነው የገባኝ።

12 ነጥብ ያለው ዝርዝር ያወጣ ሰው፣ ካሜራ የሰቀለ ሰው! ካሜራው የሚያየው እኮ በሩንና ሠራተኛውን እንጂ እኔን አልነበረም። በየሳምንቱ በረኪና ሲደፋ የነበረውን ሰው የሚቀርጽ አልነበረም፤ እንዲያ ለማድረግም አልታሰበም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩን ገልብጬ ማየት የቻልኩት። ስለ አትክልተኛ፣ ስለ ቀለም ቀቢ፣ ስለ መካኒክ ስናወራ «ታማኝ ሰው ከየት ይገኛል?» እንላለን። አሠሪው ታማኝ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ቀድሞ ያመነው ማን ነው? ጋሼ 12 ቀን ቆፍሮ፣ ተክሎ፣ 10 ሺህ ብሩን እኔ ኪስ ውስጥ ትቶ አንድ ወር ጠበቀ። የእኔን መታወቂያ ፎቶ አላነሳም። ተያዥ አላለኝም። ብቀንስበት የሚከሰኝ የት ነው? ለ3 ሺህ ብር ጠበቃ ይገዛል? መሥሪያ መሣሪያውን አስይዞ የሠራው እሱ ነው፤ እኔ ምን አስያዝኩ? ጉልበት የሚሸጥ ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ ይሰጣል፤ ላቡን መልሶ መውሰድ አይቻልማ። እኔ ብሬን መያዝ እችላለሁ። «ጥርጣሬ» የምለው ነገር አቅም ላለው ሰው የተፈቀደ ነገር እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ እሱም እኔን የመጠርጠር ምክንያት ነበረው፣ የመጠርጠር አቅም ግን አልነበረውም። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ስልኩ ዝግ ነበር። ሽንኩርት ሻጯ ጋ ሄድኩ። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ምን ፈለግህበት?» አለችኝ። ብር ልሰጠው ነው ስላት አላመነችኝም፤ ደግማ ጠየቀችኝ። ሲኤምሲ አካባቢ አንድ ግቢ እየሠራ መሆኑን ነገረችኝ።

ዶማ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጫማውን፣ በረኪናውን፣ ጥጉን። 3 ሺህ ብሩን አወጣሁ፣ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩ። መስማት የፈለግኩትን አውቃለሁ፤ «ምንም አይደል፣ ሰው ነህ» እንዲለኝ ነበር።

እሱ ግን ሳቀ። እዚያ ግቢ ሲሠራ በነበረ ጊዜ አንድም ቀን ሲስቅ አላየሁትም።

«እኔ እኮ መጀመሪያውኑ ጨምሬ ነው የነገርኩህ» አለኝ። «ለእናትህ ብቻ ቢሆን 25 ሺህ ነበር። አንተ መታወቂያዬን ፎቶ ስታነሳ 28 አልኩ። ስልክ ይዞ የሚቆም ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ፈልጎ መቁረጡ አይቀርም።»

እጄ ውስጥ ያለውን 3 ሺህ ብር አየሁት። እንግዲህ ምንድነው እሱ? ዕዳ ነው? ስጦታ ነው? ሁለታችንም እኩል ነን ማለት ነው? በልቤ ሳሰላው ሒሳቡ ልክ ይመጣል፣ ግን ልክ መምጣቱ ራሱ ደስ አላለኝም። ልመልሰው ወይ ኪሴ ብዬ ለአፍታ ማሰቤንም አምናለሁ።

ጋሼ አልተጨነቀበትም። ብሩን ተቀበለኝ፣ ሳይቆጥር አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ጥጓን ቅዳሜ መጥቼ እተክላታለሁ» አለኝ። «አንተ ግን ጫማህን ሌላ ቦታ እጠብ።»